የእንግሊዝ ባላባቶች በአውሮራ እናቶች ፊት

እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ላይብረሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አለቃዬን ዝም ማሰኘት ነው። ዳያን ትባላለች፤ የቅርንጫፉ ማናጀር ናት። የቀጠረችኝ ሌላ ሴት ስለነበረች መልኳን አላውቀውም። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቆማ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ትሥቃለች። እኔ ደግሞ የተማርኩት ወንበር ያንቋቋ ሰው በሚገላመጥበት የአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ "እሽሽ!" አልኳት። ባጄን ጎንበስ ብላ አየችና፣ "ሙሉ፣ እዚህ ሥራሽ ሰው ማስገባት ነው፤ ማስደንገጥ አይደለም" ብላ ሣቋን ቀጠለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማዕረጌ ፔጅ ነበር። ፔጅ የመጨረሻዋ ደረጃ ናት፤ የተመለሱትን መጻሕፍት በጋሪ እየገፋች በየመደርደሪያቸው ትመልሳለች። ከሷ በላይ ክላርክ አለ፤ ደስክ ላይ ተቀምጦ የሚያበድርና የሚቀበል። ከዚያ በላይ ፕሮግራም የሚያዘጋጁት ናቸው። ሦስቱንም ሠርቼአለሁ። ከአገር ቤት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ ጋሪ ለመግፋት ግን ዲግሪው ብዙም አልረዳኝም። ወገቤ ጠንካራ ነበር፣ ተመስገን።

ላይብረሪ ውስጥ ዊድ ማድረግ የሚሉት ሥራ አለ። ማንም የማይበደረውን መጽሐፍ እንደ አረም ከመደርደሪያው መንቀል ማለት ነው። ፕሮግራም ክፍል በገባሁ ሰሞን ዳያን የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ልብ ወለዶች ፊት አቆመችኝና "እነዚህን ሰው ረስቷቸዋል፤ አውጪያቸው" አለች። ጡብ ጡብ የሚያካክሉ መጻሕፍት ናቸው። አንጀቴ አልቻለም።

"አንባቢ ባመጣላቸውስ?" አልኳት።

"ከየት?"

ወደ ልጆች ክፍል ጠቆምኳት። የእኛ አገር እናቶች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የቤት ሥራቸውን እስኪጨርሱ፣ እዚያ ስልካቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ዳያን እንግሊዝኛው እንደሚከብዳቸው ነገረችኝ። "ታዲያ እኔ ለምኔ ነኝ!" አልኳት። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በሳምንቱ ውስጥ እቤቴ አንብቤ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በስብሰባ ክፍሉ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስም አልጠራም፤ የዚያ ዘመን ልብ ወለድ ግማሹ እንዲያ ነውና። የባላባቱ ልጅ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ይወዳል። እመቤቲቱ እናቱ ደግሞ "እኔ ሞቼ ነው ቆሜ!" ትላለች። ገና የልጁን መልክ ገልጬ ሳልጨርስ ጥያቄው ወረደብኝ።

"ሥራው ምንድን ነው?" አለች ዘይነባ። እዚሁ አውሮራ ሀቫና በሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ አላት፤ ጥዋት ከፍታ ማታ የምትዘጋው ራሷ ናት።

"አይሠራም። መሬት አለው።"

"አይሠራም ማለት? ታዲያ ጥዋት ተነሥቶ ምን ያደርጋል?"

"ፈረስ ይጋልባል፣ ሰው ይጠይቃል፣ መስኮት አጠገብ ቆሞ ያስባል።"

"ኤዲያ! ሁለት ሺፍት ቢሠራ ኖሮ እንዲህ በፍቅር አይታመምም ነበር።"

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ርስቱን እንደማትወርስና ለሩቅ የአጎት ልጅ እንደሚያልፍ ስነግራቸውም ዘይነባ ናት የተቆጣችው። "በእኛ ሃይማኖት እኮ ሴት ልጅ ድርሻዋ የታወቀ ነው። እነዚህ ሠለጠኑ የሚባሉት ናቸው?" አለች። ሌላ ቀን ደግሞ በታሪኩ ውስጥ አንዲት ልጅ ተታልላ አርግዛ ከቤት ተባረረች። ያሳታት ወንድ በሚቀጥለው ምዕራፍ ራት ተጋብዞ ይሥቃል። "እሱስ? እሱን ማንም ምንም አይለውም?" ብለው በአንድ አፍ ጮኹብኝ። እኔ የጻፍኩት ይመስል!

ከሁሉም በላይ የምታለቅሰው እትዬ አሰገደች ናት። እትዬ አሰገደች አዲስ አበባ የመምሪያ ኃላፊ ሚስት ሆና፣ ትልቅ ቪላ ውስጥ የኖረች ሴት ናት። እዚህ ኮሜርስ ሲቲ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ማለት ነው፣ ውስጥ ካርቶን ስካን እያደረገች ልጇን ናኦድን አሳደገች። አሁን ጡረታ ላይ ናት፤ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከሱ ጋር ትኖራለች። ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ያላት ፍቅር ልክ የለውም። እመቤቲቱ ብቅ ባለች ቁጥር "ይቺ ልብ የላትም! እግዚአብሔር የጇን ይስጣት!" እያለች መሐረቧን ታወጣለች።

አጠገቧ የምትቀመጠው የሺ ናት። የሺ ኤርፖርት አካባቢ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ፣ የክፍል ጽዳት፣ ትሠራለች፤ ልጇን መክሊትን ለብቻዋ አሳድጋ ነርስ አድርጋለች። ናኦድና መክሊት ይዋደዳሉ። ይሄንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽማግሌ የሚላክበት ቀንም ተቆርጧል። እናቶቹ "እናንተ አማቾች፣ ቁጭ በሉ!" እያሉ በሁለቱ ያሾፉባቸዋል። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ።

የሺ ብዙ አትናገርም። አንድ ቅዳሜ ግን እጇን አወጣች። "ሙሉዬ፣ እነዚህ ሰዎች ጥዋት ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ከሰዓት ሻይ ይቀርብላቸዋል። ማን ነው የሚያመጣው?"

መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። "ሻይ ቀረበ ብቻ ነው የሚለው" አልኳት።

"ምን ቸገረሽ፣ ገረዷ ናታ!" አለች እትዬ አሰገደች፤ በክፋት አይደለም፣ እንዲሁ በጨዋታ።

"እሱንማ አውቃለሁ፣ እትዬ" አለች የሺ ረጋ ብላ። "እኔም ሳቀርብ ነው የኖርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ቤት ነበርኩ። እንግዶቹ ሲያወሩ ትሪ ይዤ እቆማለሁ፤ አንድም ቀን ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ስላልኩ ነው እንጂ፣ ይሄ ታሪክ ለኔ አዲስ አይደለም።"

እኔ ወድጄላት ነበር። ዘይነባ እጇን ይዛ ጨበጥ አደረገቻት። እትዬ አሰገደች ግን ከንፈሯን ነከሰች፤ ምዕራፉ ሳያልቅ "ራሴን አመመኝ" ብላ ወጣች። የዚያኑ ሳምንት የሽማግሌው ቀን ተላለፈ ተባለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። የሺ መጥታ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ ሳታይ ተቀመጠች።

ሰኞ ናኦድ ደስክ ላይ መጣ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው አሜሪካ የገባው፤ አማርኛው ከእንግሊዝኛ ጋር ተላቁጧል።

"እትዬ ሙሉ፣ ማሚ ኖ ብላለች። ሙሽራዋ የሰው ቤት ሠራተኛ ልጅ ናት አለች። ዋት ዳዝ ዛት ኢቭን ሚን? ምን ማለት ነው? ማሚ ራሷ ዌርሃውስ ትሠራ አልነበር?"

"ነበር፣ የኔ ልጅ።"

"ሶ? ታዲያ?"

አገር ቤት ትተነው መጣን ያልነውን ነገር ለማያውቅ ልጅ ማስረዳት እንዴት ከባድ ነው! ዓይኑ ቀልቷል። መክሊት ስልኩን ማንሣት እንዳቆመች ነገረኝ። "እናቷን የናቀ ቤት አልገባም" ብላዋለች። ሁለቱ እናቶች ካልታረቁ ልጁ ያጣታል፤ ነገሩ እዚህ ደርሶ ነበር።

ቅዳሜ ከፕሮግራሙ ለቀሩ ሰዎች ያለፋቸውን ምዕራፍ የማድረስ ልማድ ነበረኝ። ለታመመ ሰው፣ ለወለደች ሴት ቤታቸው ሄጄ እተርክላቸዋለሁ። በዚያ ሰበብ ሴንትራል ፓርክ እትዬ አሰገደች ዘንድ ሄድኩ፤ መኪናዬን ደጇ ፓርክ አድርጌ አንኳኳሁ። እትዬ አሰገደች በሩን ከፍታ ስታየኝ ለምን እንደመጣሁ ገብቷታል፤ ቢሆንም "ግቢ" አለችኝ።

ጀመርኩላት። በዚያ ምዕራፍ እመቤቲቱ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ሳሎኗ አስጠርታ እንዳቆመቻት፣ "እናትሽ ማን እንደሆነች አትርሺ" ትላታለች። እዚያ ስደርስ እትዬ አሰገደች እጇን አነሣች።

"ተይ፣ ይብቃኝ።"

ትረካዬን አቆምኩ።

"እኔ እኮ ልጅቷን ወድጃት ነበር" አለች።

"የትኛዋን?"

"የመጽሐፉን።" ቀና ብላ አየችኝና "ሁለቱንም" አለች። "ሙሉ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። አዲስ አበባ ያሉት እህቶቼ ምን ይላሉ? ዘሩን ቆጥረው፣ አጥንቱን ቆጥረው፣ የማን ልጅ ናት ይሉኛል።"

ቆሽቴ አረረ። "እትዬ፣ እህቶችዎ ሠርጉን የሚያዩት በስልክ ነው! እዚህ ያመመዎት ቀን ሾርባ ይዛ የምትመጣው የሺ ናት!" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ይቅርታም አልጠየቅኩ። እሷም አልተቆጣችም። መሐረቧን አውጥታ ፊቷን ሸፈነች። ያን ጊዜ አሳዘነችኝ፤ አጠገቧ ተቀምጬ ትከሻዋን አቀፍኳት። ስወጣ "ራሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር እሄዳለሁ" አለችኝ። የሙሽራው እናት ከሽማግሌ ጋር መሄዷ በእኛ አልተለመደም።

ይሄንን ለየሺ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አላላትም። "ልጄን ማንም እንዲያገባልኝ አልለመንኩም" አለች። "የሚመጣውን ግን አላባርርም፤ ይምጡ። የምመልሰውን ያኔ አውቃለሁ።" ዘመድ እዚህ ስለሌላት በሷ ወገን ሆኜ እንድቀመጥላት ለመነችኝ።

እሑድ ከሰዓት ነው፤ አውሮራ ያለው የየሺ አፓርትመንት። ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። ትልቁ ጋሽ ታምራት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጉልበታቸው ተጎድቷል። ከኋላቸው እትዬ አሰገደች ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ገባች፤ ናኦድ ከበሩ አጠገብ ቆመ። መክሊት ጓዳ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። እንደ ወጉ፣ ሽማግሌ የመጣበት ነገር እስኪፈጸምለት አይቀመጥም። "ተቀመጡ" ከተባለና ከተቀመጠ እሺ ተብሏል ማለት ነው።

"ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ብለን መጥተናል" አሉ ጋሽ ታምራት።

የሺ ተነሣች። ወደሳቸው አላየችም።

"እትዬ አሰገደች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዲስ አበባ ቤትዎ ሠራተኛ ነበረችዎት?"

"ነበረች።"

"ስሟ ማን ነበር?"

"አልማዝ እንላት ነበር።"

"እንላት ነበር?"

እትዬ አሰገደች ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "ከገጠር ስትመጣ ሌላ ስም ነበራት። እኛ ነን አልማዝ ያልናት።"

"እናቷ ያወጣችላት ስምስ?"

እትዬ አሰገደች ዞራ ናኦድን አየችው። ይሄኔ አንድ ስም ፈጥራ ብትናገር ማን ያውቅባታል? እኔ በልቤ "አንድ ነገር በዪ፣ የፈለግሽውን በዪ" እል ነበር።

"አላውቀውም" አለች። "ናኦድን ያዘለችው እሷ ናት። እኔ ቢሮ ስውል ያጎረሰችው፣ ሲያመው ያደረችው እሷ ናት። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም፣ የሺ። እስከዛሬም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።" ቆማ አለቀሰች።

ናኦድ ከበሩ መጣና እናቱን ያዛት። ስለዚያች ሴት ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

የሺ ትኩር ብላ አየቻት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እጇ ቀሚሷን ጨምድዶ ይዞ ሲለቅ አየሁ።

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለች።

ጋሽ ታምራት ቀድመው ዘፍ አሉ። "ተመስገን! ጉልበቴ ሊከዳኝ ነበር" አሉ። ከጓዳ የመክሊት ልቅሶ ተሰማ፤ ደግሞ ሣቅ። ልጆቹ በዚያው ዓመት ተጋቡ። ሁለቱ እናቶች አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴ ይኮራረፋሉ፣ እንደማንኛውም አማቾች።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፕሮግራሙን የተረከበችው ልጅ ምክር ስትጠይቀኝ የነገርኳት አንድ ነገር ነው። ምዕራፉን ስትጨርሺ ወንበሮቹን ቶሎ አትሰብስቢ። ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ላለችው ድሃ ወዲያው ያለቅሳል፤ እቤቱ ለነበረችው ለማልቀስ ግን ጊዜ ይወስድበታል።