ቀይ ከፋይ መጋረጃ

ካሣነሽ አርብ ገበያ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምታደርገው መጋረጃ መግለጥ ነው። ኃላፊው አቶ ሰማኸኝ ደግሞ ገና ሲገቡ መጋረጃውን መልሰው ይዘጉና መብራት ያበራሉ። ቀይ ከፋይ ያልጋረደ ሹም፣ ሹም አይመስላቸውም።

"እግዜር የሰጠውን ብርሃን ዘግቶ በአምፖል መንቀባረር!" ትላለች ካሣነሽ፣ መወልወያዋን እየጨመቀች። ነገሩ ያንገሸግሻታል።

ባለፈው ሐሙስ ስለ ኃይል ቁጠባ ስብሰባ ተጠራ። "ኃይል እንቆጥብ፣ ለትውልድ እናስብ" የሚል ትልቅ ባነር መጣ። መስቀያ ቦታ ጠፋና አቶ ሰማኸኝ በሰፊው መስኮት ላይ አስወጠሩት። አዳራሹ ጨለመ። ያን ጊዜ፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ስድስት አምፖል በራ።

ካሣነሽ ከበራፉ ቆማ ሰማች። አንዱ ስለ ቁጠባ ይናገራል፣ ሌላው ያጨበጭባል፤ ቀና ብሎ አምፖሉን ያየ ግን አንድም የለም። ትፊ ትፊ አላት። ወለሉን የምትወለውለው ራሷ ናትና ምራቋን ዋጠችው።

ድንገት መብራት ጠፋ።

"ካሣነሽ! ሻማ አምጪ!" ብለው ጮኹ አቶ ሰማኸኝ ከጨለማው ውስጥ።

"ሻማ ምን ያደርግልዎታል ጌታዬ?" አለች ወደ ባነሩ እየሄደች። "ፀሐይዋ እንደ ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምራ ውጭ ቆማለች። ላስገባት?"