ናይሎን የለበሰው መቀመጫ

ሰው ከጦርነት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያምረው ዳቦ ነው ይላሉ። እኔ ዓረብ አገር በሠራተኝነት የኖርኩበት ቤት ጌታ ያማረው ሣር ነበር፤ ያውም አጭር ሣር። ከምካሌስ ፋብሪካዎች በላይ ባለው ዳገት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገና የጥይት ቀዳዳ በሲሚንቶ እየደፈነ ሳለ፣ ሚስተር የወይራ ዛፎቹን አስነቅሎ ሣር ዘራ። ወይራው ዘይት ይሰጥ ነበር። ሣሩ የሚሰጠው ሥራ ብቻ ነው፤ ሥራው ለማን እንደሚደርስ ደግሞ በዚያ ቤት አይጠየቅም።

ማጨጃው አንዲት አሮጌ የአትክልት ትራክተር ነበረች። ከጦርነቱ በፊት ተገዝታ፣ ጦርነቱን በሙሉ ሸራ ለብሳ ጋራዥ ውስጥ አሳልፋለች። ከቤቱ ነባሮች ስለዚያ ጦርነት አንድም ቀን ያላወራችኝ እሷ ብቻ ናት። ይነዳት የነበረው አትክልተኛ ድሮ አገር ጥሎ ሄዷል። ሣሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማጨድ ሲደርስ ሚስተር አስወጣት፣ አሳጠበኝ፣ መቀመጫዋንም በናይሎን አስጠቀለለኝ።

ስለ ናይሎኑ ልናገር። በዚያ ቤት ናይሎን ያልለበሰ መቀመጫ አልነበረም። ሳሎን ውስጥ ያሉትን አሥራ ሁለት ባለ ወርቅ ቀለም ወንበሮች በየቀኑ እወለውላለሁ፤ የሚቀመጥባቸው ግን እንግዳ ብቻ ነው። የእኔ መቀመጫ ኩሽና ያለች የፕላስቲክ በርጩማ ነበረች። ሚስተር ወይም ማዳም ሲገቡ ከእሷም እነሳለሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ስነሳ ኖሬ፣ ጉልበቴ ከጆሮዬ በፊት የመኪናቸውን ድምፅ ይለይ ጀምሮ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሚስተር ነጭ ሱሪውን እንደለበሰ ከትራክተሯ አጠገብ ቆሞ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተሽከረከረ፤ እሳት ግን አልያዘም። ባትሪ ነው አለና አዲስ ገዛ። ያው ነው። እኛ ካንዴላ የምንለውን፣ እነሱ ቡጂ የሚሉትን ቀየረ። ያው ነው። አዲሱን ካንዴላ ከብረቱ አስጠግቼ እንድይዝለት አዘዘኝና ብልጭታ መኖሩን ለማየት ራሱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። ብልጭታ አልነበረም። በዕለቱ ከገጠመኝ መልካም ነገር ይህ አንዱ ነው።

ዓርብ ከምካሌስ ሙዓለም መጣ፤ እዚያ አገር ባለሙያ ሁሉ ሙዓለም ይባላል። ሁለት ሲጋራና ሦስት ሲኒ ቡና ጨረሰ። ሽቦ ነካ፣ በብርጭቆ ወረቀት የሆነ ነገር አሸ፣ እፍ አለበት። እሱም ቁልፉን ያዞረው ቆሞ ነው። ዘይት የጠጣ ቱታ ለብሶ የባለቤቱ ናይሎን ላይ እንዴት ይቀመጥ?

«ተቀመጥና ሞክራት፣ ያ ሙዓለም» አለው ሚስተር፣ ለወጉ።

«አስተግፊሩላህ! የባለቤቷን ቦታ? አንተ ተቀመጥ እንጂ።»

«እኔማ መጀመሪያ ትሥራ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ።»

እንዲህ ሲጋበዙ ቆዩ፤ ማንም አልተቀመጠም። በመጨረሻ ሙዓለሙ ፈረደ፦ «እሳት የሚሰጣት ኮይሏ ሞቷል። ፈልጌ ሳመጣ ማክሰኞ ይሆናል፣ ያኒ፣ ኢንሻላህ።»

ሰኞ የልጃቸው የቀለበት ግብዣ ነው። ማዳም ከበረንዳው ሆና ሣሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እሁድ በእጅሽ ታጭጂዋለሽ» አለችኝ።

እሁድ ፋሲካ ነው። በወር አንድ እሁድ እወጣለሁ፤ የዚያን ወር ለፋሲካ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ የሚባል ሰፈር ክፍል የተከራዩ ያገሬ ልጆች ዶሮ ሊሠሩ፣ እኔ አሥራ ሁለት እንቁላል ላመጣ ተቀጣጥረናል። ኀምሳ አምስቱን ቀን የጾምኩት ብቻዬን፣ ሰው በሚጠብሰው ሥጋ ጢስ ውስጥ ነው።

«ማዳም፣ እሁድ እኮ ፋሲካ ነው።»

«ፋሲካ አለፈ፣ ሀቢብቲ! ባለፈው እሁድ አይደል? የፋሲካውን ኩኪስ፣ መዓሙሉን፣ ራስሽ ጋገርሽው።»

«ጋገርኩት እንጂ አልበላሁም። የእኛ ገና አልደረሰም።»

«አለመብላትሽ የእኔ ጥፋት ነው? ክርስቶስ ስንት ጊዜ ይነሳል?»

ቅዳሜ ለግብዣው ጣፋጭ ሊያዙ ወጡ። እኔ ማጭዱን ልስል ወርጄ ትራክተሯ አጠገብ ቆምኩ። አባቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነበር፤ ትምህርቱም አጭር ነው፦ ባለቤቱን አትስሚ፣ ሽቦውን ተከተዪ። ከኮይሉ ተነስቼ ተከተልኩ። አንዱ ሽቦ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ ከቁልፉ ወደ ኋላ ዞረ፣ ከመቀመጫው ሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ ባይ በሞላ ስፕሪንግ የቆመች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ክብደት ካላረፈባት እሳቱን ትዘጋለች፤ ነጂው ቢወድቅ ማጨጃው እንዳይበላው የታሰበ ነው። የሞተ ነገር አልነበረም። ማሽኗ ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቀችው የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ናይሎኑ ተንጫጫ። ቁልፉን ሳዞር አንዴ አስነጠሰች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ሠራች።

ወዲያው የግቢው በር ተከፈተ፤ የሚስተር መኪና። ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ብድግ አለ። ሞተሩ ጸጥ።

«ሠርታ ነበር! ሰምቻለሁ!» ሚስተር እየሮጠ መጣ። «ምን አድርገሽ ነው?»

«ተቀምጬ ነው፣ ሚስተር።»

«መቀመጥሽንማ አይቻለሁ፤ በኋላ እንነጋገርበታለን! እኔ የምጠይቅሽ እንዴት እንዳሠራሻት ነው።»

ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ቆሞ ሞከረ፤ እምቢ። በመጨረሻ ነጭ ሱሪውን ሰብስቦ ተቀመጠ፤ እሺ። አንድ መስመር አጨደ፤ ማዳም እንድታየው ተነስቶ እጁን ሲያውለበልብ ትራክተሯ ጠፋችበት። ሁለተኛውን ሲጨርስ ሱሪው አረንጓዴ ሆኗል። «ያላ፣ አንቺ ነጂ» አለኝ።

ነዳሁ። ማዳም ከበረንዳው የሆነ ነገር ጮኸች።

«ሳናግርሽ ተነሺ!»

«ከተነሳሁ ትጠፋለች፣ ማዳም!»

በዚያ ቤት ሕግ ላይ እንዲህ ያለ መልስ ተገኝቶ አያውቅም። ግማሹን ግቢ ስጨርስ ከበረንዳው ሥር አቆምኳት፤ ሞተሩ ግን ይሠራል።

«ማዳም፣ ነገ እወጣለሁ?»

«እናያለን።»

ከመቀመጫው በትንሹ ከፍ አልኩ። ሞተሩ ሳል ጀመረው። መልሼ ቁጭ አልኩ፤ ዳነ።

«ምን ሆነች?» አለ ሚስተር ደንግጦ።

«እንጃ። ከጠፋች ደግማ መሥራቷን እንጃ። ነገ እወጣለሁ፣ ማዳም?»

«ይህች ልጅ እየዛተችብኝ ነው እንዴ?»

እንደገና ከፍ አልኩ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ። ሳሉ ወደ ጣር ሊለወጥ ሲል ሚስተር እጁን አነሳ። «ኸላስ! ትሂድ! ሰኞ ሰው ይመጣል፣ ሴትዮ! በሣሩ አትጫወቺብኝ!»

«ከሰባት ሰዓት በፊት ትመለሻለሽ» አለች ማዳም።

«ከአሥራ ሁለት።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ሞተሩ ተመለከተች። «ከአሥራ ሁለት» አለች።

እሁድ እንቁላሎቹን ጭኔ ላይ አቅፌ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ደረስኩ። ክፍሏ ውስጥ ስምንት ሴቶችና ሁለት ፍራሽ ነበርን። ታሪኩን ሦስት ጊዜ አስነገሩኝ፤ በሦስተኛው አንዷ በርጩማ ላይ ወጥታ የማዳምን ድርሻ ተጫወተች።

ሰኞ ጠዋት ሙዓለሙ ማክሰኞን ሳይጠብቅ መጣ። ነገሩን ሲሰማ «ጠርጥሬ ነበር» አለና ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አገናኝቶ በቴፕ አሰራቸው። ከዚያ በኋላ ትራክተሯም እንደ ቤቱ ሆነች፤ ሥራዋን ለመሥራት የእኔን መቀመጥ አትሻም። ማዳም ስነዳ የተቀደደውን ናይሎን በአዲስ አስለወጠችኝ።