ነገሌ ላይ የተቀዳ

ካርቶኑን ስከፍተው ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው፤ የአዲስ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም ሽታ፣ እኛ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ የመማሪያ መጻሕፍት ሲከፈቱ የሚሸት ዓይነት። ከውስጡ የወጣው ግን ሸክላ ነበር። ሽፋኑ ላይ ነጭ ኮት የለበሱ ወታደሮች የሙዚቃ መሣሪያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው ሳክስፎኑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ያቀፈው ቀጭን ሰው አባቴ ነው። ከፎቶው ሥር በደቃቅ ፊደል «ነገሌ ላይ የተቀዳ» ይላል። የአባቴን ስም ካነበብኩት ይልቅ ያችን ሐረግ ደጋግሜ አነበብኩ።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ጌታነህ በስድሳዎቹ ዓመታት፣ እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በነገሌው ጦር ሰፈር የሙዚቃ ክፍል ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሰልፍ ማርሽ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን በመኮንኖች ክበብ ግቢ ጃዝ ይጫወታሉ፤ መኮንኖቹ ከነሚስቶቻቸው ይደንሳሉ፣ የከተማው ሰው ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ የሬዲዮ ክፍሉ ባለሙያ ማይክሮፎን ሰቀለና ዝግጅቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳህን በሚያክል የቴፕ ክር ቀዳው። ክሩንም ለአባቴ ሰጠው።

ደርግ ወድቆ መንግሥት ሲለወጥ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጦሩ ተበተነ፣ ሰፈሩም ባዶውን ቀረ። ያን ሰሞን ሰው ከዚያ ግቢ ቆርቆሮና አልጋ ይዞ ሲወጣ አባቴ ሳክስፎኑን በጨርቅ ወልውሎ ይዞ ገባ፤ ንብረት ክፍሉን ይጠብቅ ለነበረው ሽማግሌ አስረክቦም ባዶ እጁን ተመለሰ። እናቴ በንዴት ለምን እንደመለሰው ስትጠይቀው «የመንግሥት ነው» አላት። ክሩን ግን አልመለሰም። «እሱ የእኛ ድምፅ ነው» ብሎ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ከተተውና አልጋው ሥር አስቀመጠው።

እናቴ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራት። አባቴም ከዚያ ወዲያ ከሱቁ መደርደሪያ ጀርባ ቆሞ አቡጀዲና ሽርጥ በሜትር የሚለካ ሰው ሆነ። ክሩን የሚያጫውት መሣሪያ በከተማው አልነበረም፤ የሰፈሩ መሣሪያ ከጦሩ ጋር ጠፍቷል። ስለዚህ አባቴ ያንን ዝግጅት በአፉ ይጫወትልን ነበር። ከንፈሩን ወጥሮ ትራምፔቱን ይነፋል፣ በጣቶቹ የሱቁን ጠረጴዛ ከበሮ ያደርጋል፣ አንድ መኮንን ብርጭቆ የጣለበት ቦታ ሲደርስ «ኳ» ብሎ ብርጭቆውን ይሰብራል፣ ቀጥሎም አብሮ የተቀዳውን የአንድ ሻለቃ ሳል ይስላል። ከፊልቱ የመጣ ደንበኛ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ገብቶ ሽርጡ እስኪለካለት ቆሞ ይጠብቃል፤ እናቴ ከጓዳ ሆና «ዛሬም ክበቡ ተከፈተ» ትላለች።

ራሱ የነፋበት ቦታ ሲደርስ ግን ዝም ይል ነበር። «እዚህ ጋ እኔ ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ምቱን ብቻ ይቆጥራል፣ ተራው ሲያልፍ ደግሞ የሌሎቹን ይቀጥላል። እኔ ያን ጊዜ ጥሩ አድርጎ አልነፋም ይሆናል፣ አፍሮ ነው የሚዘለው ብዬ አስብ ነበር። ትምህርት ቤት አባቴ ጃዝ ይጫወት እንደነበር ሳወራ ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ጃዝ የአዲስ አበባ ነው፣ ነገሌ ደግሞ የከብት ገበያ እንጂ ምን ጃዝ አላት አሉኝ። ማስረጃዬ ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ክር ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም አስተማሪ ከሆንኩ ወዲያ፣ የድሮ ቅጂዎችን እየፈለገ በሸክላ የሚያሳትም አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ሱቃችን ድረስ መጣ። ክሩን እወስዳለሁ ሲል አባቴ «ብቻውን አይሄድም» አለው። በወደራ ከተማ በኩል አድርገን፣ ጣሳውን አባቴ ጭኑ ላይ እንደያዘ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄድን። ወጣቱ ክሩን አገላብጦ ካየ በኋላ ፊቱ ተቀየረ።

«ጋሼ፣ በጣም ደርቋል» አለ። «ስናጫውተው ሊበጣጠስ ይችላል። ከተበጠሰ ደግሞ ያው ቀረ ማለት ነው። እንተወው ካሉ እተወዋለሁ።»

አባቴ ባዶውን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጣሳ ውስጥ ከተቀመጠስ ማን ይሰማዋል?» አለ። «አጫውተው።»

ክሩ እየተንጫጫ መዞር ሲጀምር አባቴ እጄን ያዘኝ። አልተበጠሰም። ብርጭቆው በቦታው ተሰበረ፣ ሻለቃውም ሳለ፤ እኔ ሳላውቀው አብሬ ስስል ወጣቱ ዞሮ አየኝ። ከዚያ የአባቴ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ሰው ለጓደኛው እንደሚያወራ ሆኖ ገባ፤ ቀጥሎ እየሰፋ፣ እየጋለ ሄደ፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው መንገድ ለቀቁለት። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወጣቱ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሥቶ ቆመ።

«አባዬ፣ ይህን ለምንድነው የማትዘፍንልን የነበረው?» አልኩት።

«በአፍ አይሆንማ» አለኝ።

ሸክላው ታትሞ ሲወጣ አባቴ በሕይወት አልነበረም። ባለፈው ቅዳሜ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለከተማው ሰው አሰማሁት። ለጦር ሰፈሩ ወጥ ቤት ወተት ያቀርቡ የነበሩት የቦረናዋ አዴ ዳሚም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተው ፊት ተቀመጡ። ሸክላው ላይ የአባቴ ተራ ሲያበቃ ከጭብጨባው በላይ፣ ከክበቡ አጥር ውጭ፣ የአንዲት ሴት ረጅም እልልታ ይሰማል። አዴ ዳሚ ቀና አሉ።

«ኩን ሰገሌ ኮቲ» አሉ፤ የእኔ ድምፅ ነው ማለታቸው ነው። የልጅ ልጆቻቸው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ መዳፋቸውን አፋቸው ጋ አድርገው እልል አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ መጨረሻው ላይ ግን ልክ ሸክላው ላይ እንዳለው ሁለቴ ተሰብሮ ወረደ።

ክበቡ ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። ያን ቀን ከተጫወቱት በሕይወት ያለ አላውቅም፣ አጥሩ ሥር ከቆሙትም የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ሚስት ይዞ የደነሰውም፣ ብርጭቆ የጣለውም የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። አዴ ዳሚ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ልጅ ልጆቻቸው ዞሩ።

«ያን ቀን ወተቱን ሸጬ እየተመለስኩ ነበር» አሉ። «ቆሜ ቀረሁ።»