የማንደፍሮ አንቀጽ ሰባት

ማንደፍሮ አዲስ አበባ ሳለ የፓርላማ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበር። ለትምህርት ዴን ሃግ መጥቶ፣ አገሩ አላስመልስ ብሎት በስደተኝነት ቀረ። ጠዋት ቢሮ ይወለውላል፤ ከሰዓት በኋላ የጃፓን ፓርላማ ለምን እንደ ተሽመደመደ ይጽፋል።

መልሱን አግኝቶት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 የጦር ሚኒስትሩ በሥራ ላይ ካሉ ጄኔራሎች ብቻ ነበር የሚሾመው። ጦሩ በካቢኔው ሲከፋ ሚኒስትሩን አስወጣ፣ ምትክም ነፈገ፤ ካቢኔው ወደቀ። ሕጉ በኋላ ቢላላም ልማዱ አልለቀቀም። ማንደፍሮን የሚያንገበግበው ግን ይህን እያዩ ዝም ያሉት እንደራሴዎች ነበሩ።

በዚያው አቆጣጠር በ1984 የከተማው ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ «የተማርከው አንተ ነህ» ብለው ደንቡን አስጻፉት። በአንቀጽ ሰባት፣ ሽማግሌዎች ወክለው የሚልኩት አንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ይኑር፣ ያለ እሱ ኮሚቴው አይጸናም አለ። ታላቅን ማክበር መስሎት ነው። ተጨበጨበለት።

ባሕሩ ዳር ስኬቨኒንገን ሆቴል አልጋ የምታነጥፈው የትነበርሽ ሊቀመንበር ሆነች። አንድ ቀን፣ ከየትኛውም የፖለቲካ ድርጅት የመጣ ሰው አባል ይሁን ተብሎ፣ ትራንስቫል በሚባለው የከተማው ሰፈር አዳራሽ በሠላሳ አንድ ድምፅ ለአሥራ ሁለት ተወሰነ። የሽማግሌዎቹ ተወካይ አቶ አበጋዝ ግን፣ «ወንድሜን ካስገደሉት ጋር አልቀመጥም። ወጥቻለሁ፤ ምትክም አንሰጥም» አሉ።

ለማንደፍሮ ነገሩ ከገዛ ጥናቱ የተቀዳ ይመስል ነበር።

«ጋሼ ማንደፍሮ» አለች የትነበርሽ፣ «አንቀጹን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ይሰረዝ ይበሉና እጅ እናውጣ። አለዚያ ማኅበሩ ዛሬ ፈረሰ።»

«መጀመሪያ ጃፓንን ይጨርስ እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

ማንደፍሮ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ አቶ አበጋዝ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ታላቅ ሲነሳ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? አዳራሹ ሁሉ ብድግ አለ፤ ማንደፍሮ ከሁሉም ቀድሞ። ካፖርታቸውንም ደግፎ አለበሳቸው።

«ተባረክ ልጄ» አሉት።

የቆመ ሰው መልሶ አልተቀመጠም፤ ሁሉም ወደ ትራሙ ተበተነ። ማኅበሩ ዳግም አልተሰበሰበም።

«እርስዎኮ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ» አለችው የትነበርሽ ወንበር እያጠፈች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጥናቱን ሲያቀርብ ፈታኙ መምህር፣ «እንደራሴዎቹ አደጋውን ያውቁ ነበር ትላለህ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ሲል ጠየቀው።

«ክፉ ሰዎች አልነበሩም» አለ ማንደፍሮ። «ታላቅ ሲነሳ ቁጭ ማለት ከብዷቸው ነው።»

መምህሩ ማስረጃውን ጠየቀው። ማንደፍሮ ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ የትኛውም ገጽ ላይ አልነበረም።