አረንጓዴው ጀሪካን

ሆሳዕና ከተማ የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ ቀዳዳና ብርሃኗ በሚወድቅበት ጀሪካን ላይ ነው። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል።

አብረውኝ የገቡት ሽማግሌ፣ አንጋጫ ወረዳ ባለው ቤታቸው የደበቁኝ ገበሬ ናቸው። ከዚያ በፊት አንተዋወቅም ነበር። ከካድሬዎች ሸሽቼ በራቸውን ሳንኳኳ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን ስም ጠየቁኝ። ቆጥረው ቆጥረው አንድ አባት ላይ ስንገናኝ "ግባ፣ የኛ ነህ" አሉኝ። የተያዝነውም እዚያው ነው።

የያዘን ካድሬ ለእሳቸው መውጫ ሰጥቷቸዋል። "መንገደኛ ነው፣ አላውቀውም በል፣ ቤትህ ትገባለህ። ዘመዴ ነው ካልክ ግን አውቀህ ደብቀኸዋል።" እስከ ነገ አስብበት ተባሉ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሌላ መላ ስላልነበረኝ፣ እንዲክዱኝ በማውቀው ላግባባቸው ሞከርኩ።

"አባባ፣ ይህ አረንጓዴ ነገር አልጌ ይባላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙው ክብ ነው፣ አረንጓዴ ነው። ሰዎች መልኩን አይተው አንድ ቤተሰብ ነው ሲሉ ኖሩ። አወላለዱን ሲመረምሩ ግን ብዙዎቹ አይዛመዱም።"

ጀሪካኑን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። "አባቱን በምን አወቁ?"

"የአንዱ ልጆች ጅራት አላቸው፣ ይዋኛሉ። የሌላው የላቸውም።"

"መልኩ የማይመስል ዘመድስ አለው?"

ዝም ብል ይሻል ነበር። ግን መምህር ሲጠየቅ አፉ አያርፍለትም። "አለው። ብቻውን የሚኖር ክብ፣ እንደ ክር ተቀጣጥሎ ከሚያድግ ጋር የሚዛመድ አለ። እኔ ግን የምለው፣ ይህን ያህል ትውልድ የራቀ ምን ዝምድና ነው? አላውቀውም ይበሉና ልጆችዎ ጋ ይግቡ።"

"ለልጆቼ ዘር ስቆጥር" አሉ ቀስ ብለው፣ "አንተ ጋ ስደርስ ልዝለል?"

በማግሥቱ ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ "ይሄ ሰውዬ ምንህ ነው?" አለ። ሽማግሌው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"የወንድሜ ልጅ ነው" አሉና ከዚያ ከሩቁ አባት ጀምረው ስም በስም መቁጠር ያዙ። መሃል ላይ ሳሉ በሩ ተዘጋባቸው። አላቋረጡም። ጨለማው ውስጥ ቆመው እስከ አባቴ፣ ከዚያም እስከ እኔ ስም ቆጠሩና ተቀመጡ።

ተናደድኩባቸው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ለሁለታችን ዘረጉት።

ከእኔ ዘግይተው ተፈቱ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ዛሬ አንጋጫ ስሄድ የልጅ ልጆቻቸው ዘር ይቆጥሩልኛል። እኔ ጋ ሲደርሱ አይዘሉም።