«አንደኛ ማርሽ» ማነው?

ክፍሉ አራት እርምጃ በስድስት ነው። ለክቼው አይደለም፤ የሚለካ ባዶ ወለል አልነበረም። ከእኔ በፊት የገቡት ናቸው የነገሩኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ካልሲ ያደረገ፣ ያላደረገ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ እግር። ክፍሉ ላብ፣ የብርቱካን ልጣጭና ጥግ ላይ የተቀመጠውን የሽንት ጀሪካን ይሸታል። ያመጣኝ ፖሊስ «ግባ» አለኝ። «የት?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ የምገባበት ቦታ ጠፍቶኝ ነው። ጀርባዬን ገፋ አድርጎ አስገባኝና ቆለፈው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን ነው። የወሰዱኝ ሲኒማ ራስ አካባቢ ካለችው ሱቄ፣ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ ፊት ነው። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ወንበር ናት። ፊልም በፍላሽ እጭናለሁ፣ እተረጉማለሁም። የውጭውን ፊልም እያየሁ በአማርኛ እተርካለሁ፤ ወንዱም ሴቷም ሕፃኑም እኔው ነኝ። ጥፋትህ ምንድን ነው ከተባለ፣ ሱቅህ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል፣ ፖለቲካ ይወራል ነው። መርካቶ ውስጥ ሰው የማይሰበሰብበት ሱቅ ካለ እኮ የሞተ ሱቅ ነው! ይህን ለማን ልንገረው? ኮምፒውተሩን፣ ስልኬንና አንድ ደብተር በፌስታል ከተው ይዘውኝ ሄዱ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ካቦ የምንላቸው፣ በርበሬ የሚነግዱ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ። ከገቡ ሰባተኛ ሳምንታቸው ነው። «ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ተሸጎጥ» አሉና በሁለት ሰው መሃል አስገቡኝ። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፊልም ተርጓሚ ነኝ፣ ጋሼ።»

ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ አንድ የታክሲ ሹፌር ቀና አለ። «ቆይ ቆይ! ድምፁን ስሙት! ያ ሰውዬ ነው እኮ! በናትህ «አለቀልህ ወንድሜ» በል እስቲ!»

«አለቀልህ ወንድሜ» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በገባሁ በሩብ ሰዓት ሰው አሳቅሁ፤ እኔ ግን ማልቀስ ነበር የፈለግኩት።

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። አንድ ዳይሬክተር አለ፣ ስድስት የወንጀል ፊልም የሠራ። ታሪኮቹ ለየብቻ ናቸው፤ ሰዎቹ ግን በስውር የተያያዙ ናቸው። በመጀመሪያው ፊልም ባንክ በር ላይ መኪና አስነስቶ ሲጠብቅ የሚገደል ሹፌር አለ። በሦስተኛው አንድ ሰውዬ የወንድሙን ገዳይ እየፈለገ ከተማ ያምሳል፤ ያ ወንድም ሹፌሩ ነው። በአምስተኛው ደግሞ አንዲት ነርስ የቆሰለ ሌባ ደብቃ ታክማለች፤ እሷ የሹፌሩ ልጅ ናት። ዳይሬክተሩ ይህን አፍ አውጥቶ አይናገርም። የአባት ስም አንዴ ይጠራል፣ ግድግዳ ላይ ፎቶ ይታያል፣ በቃ። ያላስተዋለ ያልፈዋል።

እኔም አለፍኩት። በእኛ ሥራ የፈረንጁ ስም እንዳለ አይነገርም፣ ተመልካቹ ይምታታበታል። ለእያንዳንዱ የሰፈር ቅጽል ስም እናወጣለታለን። ሹፌሩን በመጀመሪያው ፊልም «ቆራጣው» አልኩት፣ አንድ ጆሮ ስለሌለው። በሦስተኛው ፊልም የሟቹ ወንድም ስም ሲነሳ፣ ያው ሰው መሆኑን ሳላውቅ «ትንሹ» ብዬ ነዳሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ አንዲት የዱባይ ተራ ልብስ ነጋዴ ሱቄ ድረስ መጣች። «አንተ፣ ይሄ ትንሹ የምትለው ያ ጆሮ የሌለው አይደለም እንዴ? ፎቶው ተሰቅሎ አላየህም?» አለችኝ። አፈርኩ! ስድስቱንም እንደገና አየሁና፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደገደለ፣ አንድ ሽጉጥ ከማን ወደ ማን እንደሄደ አንድ በአንድ በቀስት አያይዤ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አስተካክዬ እንደ አዲስ ልተርካቸው ነበር። እንግዲህ ፖሊስ በአዋጅ ጊዜ ያገኘው ይህን ነው።

ከቀስቶቹ ሁሉ መሃል «አንደኛ ማርሽ» የሚል ስም አለ። በስድስቱም ፊልም አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ ብቅ የሚል አለቃ ነው። ሁሉን ያዛል፣ አንድ ጊዜም አይያዝም። ቅጽል ስሙን የወሰድኩት ከጎረቤቴ ነው። ጎረቤቴ ጫማ ነጋዴ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ስለሚሄድ ሰፈሩ አንደኛ ማርሽ ይለዋል። የፊልሙ አለቃ አረማመድ ቁርጥ እሱን ነው። ድምፁንም ሰጠሁት፤ ያንን የሚጎተተውን «እህ... እንዴት ነው ነገሩ?» የሚለውን። ጎረቤቴ ሲሰማ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ኮራ። ምላሱ ግን እንደ እግሩ አይዘገይም። ስለ መንግሥት ያሰበውን ሁሉ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይናገራል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ዓይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ይሄ አንደኛ ማርሽ ማነው?»

«የፊልም ሰው ነው። ሁሉም የፊልም ሰዎች ናቸው። ከፈለጉ ፊልሞቹን ላሳይዎት እችላለሁ።»

«አይቻቸዋለሁ» አለ። «ሦስተኛው ላይ ትርጉምህ ተበላሽቷል። ወንድሙ መሆኑ አይገባም።»

«ደብተሩን የጻፍኩት ለዚሁ ነው» አልኩ።

«ገብቶኛል» አለና ዓይኑን አሸ። «ስማ፣ ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። ፋይሉ ግን ሰው ይፈልጋል። ጎረቤትህን በዚህ ስም እንደሚጠሩት ሰፈሩ ሁሉ ነግሮናል። ይህ አለቃ እሱ ነው ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ካልሆነ ነገ ከከተማ ውጭ ወዳለው ካምፕ ትሄዳለህ። መቼ እንደምትመለስ እኔም አላውቅም።»

«እሱስ ምን ይሆናል?»

«እሱማ ስድስት ፊልም ሙሉ አምልጧል» አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «እስከ ከሰዓት አስብበት።»

ተመልሼ ለክፍሉ ሰው ነገርኩ። ብዙዎቹ ፈርመህ ውጣ አሉኝ። ታክሲ ሹፌሩማ ጮኸብኝ፤ «ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት አላልክም እንዴ? ምኑን ነው የምታስበው?» ነበረች፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ወደ ካቦ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ አልመክርህም ልጄ። ሚስትህን አዋላጅ ጋ የምወስዳት እኔ አይደለሁም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልፈርም ነበር። ጀግና አይደለሁም። አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ አብሮ በሚገላበጥበት ወለል ላይ አራት ቀን በጎኔ ተኝቼ ሰውነቴ ዝሏል። ሰበቡንም አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር፤ ጎረቤቴ ሀብታም ነው፣ ጠበቃ ይይዛል፣ ሦስት ቀን አቆይተው ይለቁታል።

ምሳ ከየቤቱ መጣ። እንደ ደንባችን ሁሉም ሳህን አንድ ላይ ተደረገ፣ ጠያቂ የሌለውም እኩል በላ። ከምሳ በኋላ ፊልም መተረክ ደግሞ ካቦ በገባሁ ማግስት የሰጡኝ ሥራ ነው። ያን ቀን ተራው የዚያ ዳይሬክተር ሦስተኛው ፊልም ነበር። ዛሬስ ይቅርብኝ ልል አሰብኩ፤ ሠላሳ ምናምን ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ጀመርኩ። አለቃው የሚገባበት ቦታ ስደርስ እንደ ልማዴ ድምፄን ጎተትኩና «እህ... እንዴት ነው ነገሩ?» አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጎረቤቴ ራሱ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የሚስለው ሳል፣ ሻይ ሲያዝ ሳልጠይቀው ለእኔም ማዘዙ፣ ሁሉም መጣብኝ። የዚህን ሰው ድምፅ አፌ ላይ ይዤ ከሰዓት ስሙን ልሰጣቸው ነው? ትረካው ተቋረጠ።

«ምነው?» አሉ ካቦ።

«ጉሮሮዬን ያዘኝ።»

ውሃ አቀበሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ከሰዓት ስጠራ ቃሌ ተጽፎ ጠበቀኝ። እኔ ያላልኩት ሁሉ አለበት። መጨረሻው ላይ «አንደኛ ማርሽ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ግለሰብ» ይልና ባዶ ቦታ ተትቷል። መርማሪው በጣቱ አሳየኝ። «ስሙን እዚህ ጋ በእጅህ ጻፍና ፈርም።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ባዶው ቦታ ላይ የራሴን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ወረቀቱን አዙሮ አነበበው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ድምፁ የኔ ነው። የስድስቱም ፊልም ሰዎች ድምፅ የኔ ነው። ሌላ ሰው የለበትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አንተኑ ነው የሚያስገባህ!»

«ገብቻለሁ እኮ፣ ጌታዬ።»

ከዚያ ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከተተና ለፖሊሱ «ውሰደው» አለው። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ጫኑኝ። ካምፕ ውስጥ አምስት ወር ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት ስም ዝርዝር ተነበበና ሂዱ ተባልን፤ ክስ የለም፣ ይቅርታም የለም። ልጄ የተወለደችው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። ሱቋን እንደገና ከፍቻለሁ፤ የዳይሬክተሩን ፊልሞች ግን አልነካኋቸውም።

ጎረቤቴ ዛሬም እዚያው ነው። ማንም አልነካውም። በእነዚያ ወራት አንድ ቀን እንኳ ቤቴ አልመጣም። ሚስቴ በሱቁ በር ስታልፍ ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞር ነበር አሉ፤ ፈርቶ ነው። ስለ ወረቀቱም አያውቅም፣ አልነገርኩትም። አንዳንዴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመጣና «ምነው እኔን መተርጎም ተውክ?» ይለኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ።

ሚስቴ ግን ታውቃለች። ባለፈው አብረን ስናልፍ ሰላም ሲለን አልመለሰችለትም። ጥቂት እንደሄድን «ለዚህ ሰው ነው ምጤ ላይ ያጣሁህ?» አለችኝ። እኔም ተቀይሜዋለሁ፤ አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ያን ወረቀት ዛሬ ቢያቀርቡልኝ ግን፣ እንዲህ ደክሞኝም፣ እንዲህ ተቀይሜውም፣ የምጽፈው ያንኑ የራሴን ስም ነው።