የሶላንዥ ፊት

የሶላንዥ ለጎፍን ትከሻ ሲኒማ የሚገባ ፈረንሳዊ ሁሉ ያውቀዋል። ፊቷን ግን የምናውቀው ዳቦ ሻጯና ሜካፕ የምቀባት እኔ ብቻ ነን። እንግዲህ ፍረዱ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፊልም ነርስ ሆናለች፣ ትኬት ቆራጭ ሆናለች፣ የሕንፃ ጠባቂ ሆናለች። ካሜራው ግን ሁልጊዜ ከኋላዋ ቆሞ፣ በትከሻዋ አሻግሮ የዋናውን ተዋናይ ፊት ነው የሚያየው። ሁለት ጊዜ ሬሳ ሆነች፤ ሁለቴም በአንሶላ ሸፈኗት።

እናቷ ዱዋርነኔ ከተማ ሰርዲን ሲያሽጉ የኖሩ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ሲኒማ ቤት ወሰደቻቸው።

"አንቺ የታለሽ?" አሏት።

"ያቺ ጀርባዋን የሰጠችው ነኝ፣ እማ።"

"ይህንንማ እዚሁ ዓሣ እያሸግሽም ትሠሪው ነበር!" ብለው ካፖርታቸውን ደረቡ።

ታዲያ ባለፈው መጋቢት ባስቲያን የሚባል ወጣት ዳይሬክተር የእናት ሚና ሰጣት። ሞንትሬይ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት፣ መስኮት አጠገብ፣ ፊቷን ሙሉ ለካሜራው ሰጥታ ትቀመጥና ልጇን "ቤቱን ሸጬዋለሁ" ትለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከደስታዋ የተነሳ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ መጣች።

ፊታቸው የሚታይ ተዋንያን ሁሉ የሚያውቁትን አንድ ነገር እሷ አታውቅም፤ ከየት ትወቀው? በመጀመሪያው ቀረጻ ምግብ በሹካ ይገፋል እንጂ አይበላም። ሶላንዥ ማዮኔዝ ከተደፋበት ቅቅል እንቁላል ግማሹን ዋጥ አድርጋ ተናገረች። ልጇን የሚጫወተው ጎረምሳ ግን መልሱ ጠፋበት።

ቀረጻዎቹ እርስ በርስ እንዲገጥሙ የምትቆጣጠረው ኮሪን ደብተሯን ይዛ መጣች።

"ሶላንዥ፣ 'ቤቱን' ከማለትሽ በፊት ግማሽ እንቁላል በልተሻል። ከእንግዲህ በየቀረጻው እዚያው ላይ ትበያለሽ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክንጨርስ።"

በሦስተኛው ጎረምሳው ዳግመኛ ረሳ። በስድስተኛው ሞተር ብስክሌት እያጓራ አለፈ። በዘጠነኛው ጎረምሳው ማዮኔዝ አገጯ ላይ አይቶ ሳቀ።

"ይሄ ልጅ አራት ቃል መያዝ ያቅተዋል?" አለችኝ ፊቷን ስጠርግላት። "እውነት ወልጄው ቢሆን ኖሮ፣ ቤቱን ሳይሆን እሱን ነበር የምሸጠው!"

ከአሥራ አንደኛው በኋላ ላቧን ማድረቅ አቃተኝ። ባስቲያን ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ አይቶ ተቁነጠነጠ።

"የኔ ውድ፣ ደክሞሻል። ካሜራውን ከኋላሽ እናድርገውና የሱን ፊት እንቅረጽ። ያንቺ ድምፅ ብቻ ይበቃናል።"

ሶላንዥ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ስማኝ፣ ባስቲያን። ጀርባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነው። ኮሪን፣ እንቁላል!"

"ኧረ ትታመሚያለሽ!" አለች ኮሪን።

"ብታመምም ፊት ለፊት ነው የምታመመው!"

አሥራ ሁለተኛውን ግማሽ ዋጠች። ጎረምሳው ፈርቷት ይሁን አዝኖላት እንጃ፣ ቃሉን አልሳተም። "ቤቱን ሸጬዋለሁ" ስትል ግን ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ልጅና ከዚያ ገበታ የተሰላቸች እናት ቁጭ አለች! ባስቲያን "አቁም" ማለቱን ረስቶ ቆየ።

"ይኼ ነው" አለ በመጨረሻ። "ፊልሙ ውስጥ የሚገባው ይኼ ነው።"

ሶላንዥ ወደ ጓዳው ማጠቢያ ሮጠች። ፎጣ ይዤ ተከተልኳት።

"ፊቴ ታየ?" አለችኝ ጎንበስ እንዳለች።

"ታየ።"

"ሙሉውን?"

"ከአገጭሽ እስከ ግንባርሽ።"

"እሰይ!" አለችና ተመልሳ ማጠቢያው ላይ ተደፋች።